የዴሹን ድምፅ

ዩንሺያና ባሏ ዴሹን ልብ ለልብ ያወሩ የነበረው ተራርቀው ሳሉ ነው። እሷ ከታወር ክሬኑ ጫፍ፣ መስታወት በመስታወት በሆነችው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ መንጠቆውን ትነዳለች። እሱ ታች ጭቃው ላይ ቆሞ የመገናኛ ሬዲዮውን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ፣ "ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ አሁን ውረጂ፣ ቀስ፣ ቀስ... በቃ... ቁሚ!" ይላታል። ሁልጊዜ "በቃ" ይቀድማል፣ "ቁሚ" ይከተላል። የእሷም እጅ "በቃ" ሲባል ይዘጋጅና "ቁሚ" ሲባል ይይዛል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሠሩ አንዲት ብሎኬት እንኳ ሰው እግር ላይ ወድቃባቸው አታውቅም።

ሸክም በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ዴሹን ወሬውን ይጀምራል።

"ካፖው ፑ ዛሬ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቷል። ጭቃው ደስ ብሎት እየጠበቀው ነው።"

"ተው፣ አለቃችን ነው፣ ይሰማሃል!"

"ይስማ! ወጥ ቤት ደግሞ የአሳማ ሥጋ ተሠርቷል አሉ። ሥጋውን ግን ያየ ሰው የለም፤ ሽታውን ብቻ ነው።"

ዩንሺያ ከሰማይ በታች ብቻዋን ትንከተከታለች። መሬት ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ባልና ሚስቱ እንደሚዋደዱ ያውቅ ነበር።

ያን ጊዜ የቻይናዋ ከተማ ጉይያንግ ዙሪያዋን ክሬን ነበረች። ዩንሺያ ቀና ስትል ጭጋጉን ሰንጥቀው የወጡ ክሬኖች እንደ ሽመላ አንገታቸውን ሲያዞሩ ታያለች። ከዚያ አንድ በአንድ መዞር ተዉ። ሰው ቤት መግዛት ፈራ፤ የገዛውም ገና ላልተሠራው ቤት ባንኩን መክፈል ያዘ። እነ ዩንሺያ ሳይት ላይም አንድ ጠዋት የሲሚንቶ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱም አልመጣም። የሕንፃው ባለቤት የሆነው ድርጅት ስልኩን ዘጋ። በወሩ ግቢው ውስጥ የቀሩት አንድ ዘበኛና ሁለት ውሾች ሆኑ። ፎቁ ከወገቡ ላይ ተቋርጦ፣ ፌሮው አናቱ ላይ እንደ ቆመ፣ ዝናብ ይወርድበት ጀመር።

ባልና ሚስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ተራራማው መንደራቸው ገቡ። ቃሪያ ተከሉ፤ አሳማ ገዙ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው አንድ ነው። ዴሹን ግን ዝም አለ። ጠዋት ዝም፣ ማታ ዝም። ትንባሆውን እያጨሰ ደጁን ያያል። ዩንሺያ መጀመሪያ የሥራው ነገር ከንክኖት ነው ብላ ተወችው፤ በኋላ ግን ያስፈራት ጀመር። አንድ ማታ ሾርባ ስትጨልፍለት ሳያስበው፣ "ውረጂ... ቀስ..." አለና ደነገጠ። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እንዳለቀ ሾርባውን ጠጥቶ ተኛ።

በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ ካፖው ፑ ደወለ።

"እህቴ፣ የፎቃችን ሥራ ሊቀጥል ነው! የተሸጠ ቤት ለባለቤቱ ይድረስ ብሎ መንግሥት ገንዘብ ለቋል። ክሬን የሚነዳ ሰው አጥቼ ተቸግሬያለሁ።"

"ወጣቱስ?"

"ወጣቱማ ሞተር ላይ ወጥቶ ምግብ ያመላልሳል። አሁን ማን ክሬን ላይ ይወጣል? ክፍያው እንደ ድሮው አይደለም፤ ደብቄ አላመጣሽም። ቢሆንም ነይ።"

"እንመጣለን። ለዴሹን ልንገረው።"

ፑ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ዴሹን... ስልሳ ሞላው አይደል? ደንቡ ጠብቋል፣ እህቴ። ስልሳ የሞላው ወንድ ሳይት አይገባም። እኔ ብፈልግም በሩ አያስገባውም።"

ዩንሺያ ነገሩን ለዴሹን ነገረችው። በማግስቱ ገበያ ወርዶ ሲመለስ ፀጉሩ እንደ ቁራ ጠቁሮ ነበር። ዩንሺያ ሳቋን ዋጠችው።

የሳይቱ በር አሁን የሰው ፊት የሚያነብ ማሽን ተተክሎለታል። ዩንሺያ ፊቷን አሳየችው፤ አረንጓዴ በራ፤ ገባች። ዴሹን ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። ቀይ በራ። ማሽኑም በለስላሳ የሴት ድምፅ፣ "ዕድሜዎ ከተፈቀደው በላይ ነው" አለው። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ነገረችው። ከኋላ የተሰለፉት ሠራተኞች በሳቅ ፈረሱ።

"አባባ፣ ፀጉርዎን ትተው መታወቂያዎን ይቀቡት!" አለ አንዱ።

ዴሹንም አብሯቸው ሳቀ። ካፊያ እየጣለ ስለነበር ቀለሙ አንገቱ ላይ መውረድ ጀምሯል። ዩንሺያ ከበሩ ወዲያ ማዶ ሆና ይህን አየች፤ መሀረብ እንዳታቀብለው ብረቱ መሃላቸው ነው።

"ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል" አላት።

ሳይቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እሱ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ቀረ፤ እሷ ብቻዋን ወደ ክሬኑ ወጣች።

በዴሹን ቦታ ሬዲዮውን የያዘችው ሃይየን የምትባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ነበረች። ያኔ ሕንፃው ሲጀመር፣ በሚያብረቀርቀው አዳራሽ ውስጥ ቆማ ለገዢ ሁሉ ሻይ እየቀዳች፣ ያልተሠራውን ቤት በአሻንጉሊት ፎቅ እያሳየች ትሸጥ የነበረችው እሷ ናት። ሽያጩ ሲሞት ከሥራ ወጣች፤ ሥልጠና ወስዳ ሄልሜት አጠለቀች።

"ታዲያ ከሸጥሽላቸው ሰዎች መንገድ ላይ የሚይዝሽ የለም?" ብላ ጠየቀቻት ዩንሺያ፣ መጀመሪያ ቀን ምሳ ላይ።

"ሞልተዋል። ግን ምን ይሉኛል፣ እትዬ? ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት።"

"ያበሰልሽውን ራስሽ በላሽው በይኛ!"

"መቼ በላሁት? ገና አልበሰለም እኮ!" አለች ሃይየን፤ ሳቁ።

ችግሩ፣ የሻጭነት አፏ አልለቃት ማለቱ ነበር። ሬዲዮውን ከፍታ፣ "እትዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ" ትላለች።

"ፈቃዴን ስትጠይቂ ፌሮው ሰው አናት ላይ ይደርሳል! ግራ ከሆነ ግራ በይኝ፤ አንቺ በይኝ!"

"እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ግራ!"

እያደር ተስተካከለች። ቃሏ አጠረ፤ ዓይኗም ስል ሆነ። ዩንሺያ ወደደቻት። ሆኖም ጋቢናው ውስጥ ስትቀመጥ አንድ ነገር ይጎድልባት ነበር፤ ጆሮዋ ከሬዲዮው የሚወጣውን ድምፅ ትቶ ሌላ ድምፅ ያዳምጣል።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት የፌሮ እስር ወደ ላይኛው ሶሌታ፣ ገና ወደሚሠራው የፎቁ ወለል፣ እያወረደች ነው። "ውረጂ... ውረጂ... ቁሚ!" አለች ሃይየን፣ ጥርት አድርጋ። ዩንሺያ ሰምታለች። እጇ ግን አልያዘም፤ ቀድሞ የሚመጣውን ሌላ ቃል ይጠብቅ ነበር። ለትንፋሽ ያህል ብቻ ዘገየች። እስሩ ተወዛውዞ የምሰሶውን ጣውላ መታው፤ ጣውላው ተገንድሶ ሁለት አናጺዎች የቆሙበት ቦታ ላይ ተንጋለለ። ሰዎቹ ዘለው አመለጡ። የአንደኛው ሄልሜት ብቻ ተሰነጠቀ።

ፑ እየሮጠ ወጣ። ሃይየን ከድንጋጤዋ የተነሳ የሬዲዮውን ቁልፍ እንደ ተጫነች ቀርታ ኖሮ፣ ዩንሺያ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች።

"ቤት መሸጥና ፌሮ ማውረድ አንድ መሰለሽ? ሰው ልትጨርሺ ነበር እኮ! ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!"

የሃይየን ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማል።

ዩንሺያ ማንሻዎቹን ጨብጣ ቀረች። እላይ ያለውን ሰው ማንም አያየውም፤ ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልቃል። ደግሞ ሌላም ሐሳብ መጣባት፦ ልጅቷ ብትሄድ ፑ ሰው ማጣቱ ነው፤ ሰው ካጣ ዴሹንን በጓሮ ሊያስገባው ይችል ይሆናል። ይህን ማሰቧ ራሱ ፊቷን አጋለው። ሞተሩን አጠፋች፤ ያን ረጅም መሰላል ወርዳ ሰው በተሰበሰበበት ቆመች።

"ወንድም ፑ፣ ልጅቷ በሰዓቱ ተናግራለች። የዘገየው የኔ እጅ ነው።"

"እሷን ለማዳን ብለሽ ነው?"

"አይደለም። እዚያ የቆሙት ሰዎች ልጆች አሏቸው። ጥፋቱን በሰው ላይ አድርጌ ነገ ተመልሼ ከላያቸው ልቀመጥ?"

ፑ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ሄልሜቱን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። "እንግዲህ ዛሬ ማንም አይሠራም። ሁለታችሁ እስኪመሽ ባዶ መንጠቆ ስታወርዱና ስታወጡ ዋሉ። አንድ አፍና አንድ እጅ እስክትሆኑ ድረስ!" አለና ሄደ። ሃይየን የዩንሺያን እጅጌ ያዝ አደረገች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

አመሻሽ ላይ ዩንሺያ ወደ ክፍሏ ስትገባ ዴሹን የሩዝ ኑድል ቀቅሎ፣ ቃሪያውን ፈጭቶ ጠበቃት። አንድ ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን አስቀመጠች።

"ዛሬ አንድ ነገር አጠፋሁ።"

"ሰምቻለሁ" አለ ዴሹን።

"ከማን?"

ትራሱን ገለጥ አደረገ። አሮጌው ሬዲዮ ተኝቷል። ለካ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ እያለ ቀኑን ሙሉ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጣት ነበር የሚውለው።

"'በቃ' ብዬሽ ነበር" አለ። "እዚሁ ሆኜ፣ ቁልፉን ሳልጫን። አልሰማሽኝም እንጂ።"

ዩንሺያ ሬዲዮውን ከትራሱ ሥር አነሳች። "ችግሩ መስማቴ አይደል? ባትለውም እሰማሃለሁ። አንተን ስጠብቅ ነው የዘገየሁት።"

ዴሹን አቀረቀረ። ቀለሙ ከፀጉሩ ሥር ለቆ ሽበቱ ወጥቷል።

"ዝም ልበልልሽ?"

"ሳይት ላይ ዝም በልልኝ። ቤት ውስጥ ግን ተናገር! መንደር የኖርኩት ከግድግዳ ጋር ነው።"

"ቤት ውስጥ ምን ይወራል?" አለ እንደ መቆጣት ብሎ። "አጠገቤ ስትሆኚ አፌ ይተሳሰራል። ሳላይሽ ነው የሚፈታልኝ። ከጥንትም እንዲሁ ነኝ።"

"እንግዲያው ፊትህን አዙረህ አውራ።"

የቀልዷን ነበር። እሱ ግን በርጩማውን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ጀመረ። በሩ ላይ ሲስቁበት አብሮ የሳቀው አልቅሶ እንዳያዋርዳት ብሎ እንደሆነ ነገራት። ስልሳ ዓመት የሞላው ቀን ለማንም ሳይናገር ወንዝ ወርዶ መዋሉን ነገራት። "እኔ የሠራሁትን ፎቅ ብቻ ብንደረድረው የኛን ተራራ ያክላል፤ አንዱም በር ግን አያውቀኝም" አላት። ዩንሺያ ኑድሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጀርባውን እያየች ሰማችው።

ጠዋት ዴሹን ሬዲዮውን ይዞ በሩ ድረስ ሄደና ለፑ መለሰለት። ፑ በሩ ያላስገባውን ሰው ሲያይ አፈረ። ሲጋራ ሰጠውና፣ "አዲስ ፎቅ የሚያሠራ ጠፋ እንጂ አሮጌ ቤት የሚያሳድስ ሞልቷል። የአክስቴ ልጅ ሴራሚክ የሚያነጥፍለት ሰው አጥቶ ይጮሃል። እዚያ በር ላይ ማሽን የለም" አለው።

"ሴራሚክማ ከልጅነቴ..." አለ ዴሹን፤ በዚያው ሳምንት ጉልበቱን ተደግፎ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተገኘ። ማታ ማታ የሚያወራው አላጣም፦ ባሏን ንግግሩን የማታስጨርስ ሴትዮ፣ ግድግዳ ውስጥ ጎጆ የሠሩ አይጦች፣ ሁሉን አመጣላት። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ በኋላ ጎኑን ሰጠ፤ ክረምቱ ሲወጣ በርጩማውን ማዞሩን ረሳው።

ዩንሺያና ሃይየንም ፎቁን እስከ ጣሪያው አደረሱት። ክሬኑን ሲፈታቱት ዩንሺያ ቆማ አየች። የጫነውን ሹፌር ወዴት እንደሚወስደው ብትጠይቀው፣ "ሥራ ያጡ ክሬኖች ወደሚከማቹበት ሜዳ ነዋ። ሣር የበቀለባቸው ስንት አሉ" አላት። ፑም የሚቀጥለው ሳይት የት እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከወራት በኋላ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ደውሎ አንድ ክሬን አለ አላት። አንድ ሌሊት አሰበችበትና፣ "ሴት ደግሞ ሃምሳ ሲሞላት ነው የምትከለከለው አይደል? የቀረችኝን ጥቂት ጊዜ ቤቴ ሆኜ ልቁጠራት" ብላ መለሰችለት።

ሃይየን የዘጠነኛ ፎቅ ቤቷን ቁልፍ ስትቀበል ቤቱ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ባልና ሚስቱ መታጠቢያ ቤቷን ሊያነጥፉላት መጡ። እሱ ይለጥፋል፤ ዩንሺያ ታቦካለች።

"ሰማያዊውን አልኩዎት፣ አባባ!" አለች ሃይየን።

"ሰማያዊ ሆስፒታል ያስመስለዋል። ይሄ ነጩ ይሻላል። የአስተማሪዋን ቤት ብታዪው፣ እኔ ነኝ ነጭ ያስደረግኋት፣ ባሏ ግን ምን አለ መሰለሽ..."

"እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ አፉን አያሳርፍም እንዴ? እርስዎ እኮ ዝምተኛ ነው ብለውኝ ነበር!"

"ተይው" አለች ዩንሺያ ሲሚንቶውን እያማሰለች። "ሰማያዊውን አምጪለት፤ እያወራ ይለጥፈዋል።"

ሃይየን ሰማያዊውን አመጣች። ወለሉ ላይ በተቀመጠችው ትንሽ ምድጃ የዓሣው ኮምጣጣ ሾርባ መፍላት ጀምሮ ነበርና፣ ዓሣው ከመጠን በላይ እንዳይበስል ሦስቱም ሥራውን ትተው ሊበሉ ተቀመጡ።