የበያጁ ጸሎት

በያጁ ብረት በበየደ ቁጥር «ጌታ ሆይ፣ እጄን አታሳፍራት» ብሎ ይጸልያል፤ ደንበኞቹ ቢስቁበትም ደንታ የለውም። ከስድስት ዓመት በፊት የፍርድ ቤቱን የእስረኞች ማቆያ በር ሲሠራም እንዲሁ ጸልዮ ነበር። ዛሬ ከዚያ በር ጀርባ፣ ሰው ገድሎ ጥፋተኛ የተባለው የገዛ ልጁ ቅጣቱን ሊሰማ ተራውን ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ጸልይልኝ» አለ ልጁ፣ ጣቶቹን በፍርግርጉ አሾልኮ።

አባት ጣቶቹን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ለተገደለው ሰው እናት ጸለየ፤ ለዳኛውም ጸለየ። ልጁ ላይ ሲደርስ ሳያስበው በሌላ እጁ በሩን ያዘና ወዘወዘው፤ ዕድሜውን ሙሉ ብየዳውን የሚፈትነው እንዲህ ነው።

በሩ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ በሩን ሲሠራ የጸለየው ጸሎት ተሰምቶለታል።