መምህር አየነው የጻፈው መጽሐፍ

መምህር አየነው ያን ክረምት አገሩ አልገባም። ዳንግላ ዳር፣ ከወይዘሮ ውብአየሁ ግቢ በተከራያት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈ። የልጆች መጽሐፍ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበርና አንድ የንባብ መጽሐፍ ለአራት ልጅ ነበር የሚደርሰው። እሱ በእጁ አሥር ቅጂ ገልብጦ፣ በክር ሰፍቶ መስከረም ላይ ክፍል ይዞ ገባ።

መጽሐፉን ያስጻፈችው አንዲት ተማሪ ናት። ይታይሽ ትባላለች፤ እናቷ ስሜነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ይታይሽ ስታልፍ ልጆች ቆሏቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ዓይኗ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይባላል። ከሷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ስለሌለ ጥግ ላይ ብቻዋን ነበረች። በንባብ ግን የሚቀድማት አልነበረም። አየነው ይህን እያየ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰል ኖሯል።

በመጽሐፉ ውስጥ መንደሩን ጅብ ያስቸግራል። ወንዶቹ ሲሸሹ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ችቦ ለኩሳ፣ መከታ የሚባል ውሻዋን አስከትላ ትወጣና ጅቡን ታባርራለች። ሰዉም ያፍራል።

በተነበበ ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ» ከሚለው ሲደረስ ግን የሁሉም ራስ ወደ ጥጉ ዞረ። አድማሴ የሚባለው ተማሪ፣ «ታዲያ ጅብ ዘመዱን መች ይነክሳል!» አለ። ክፍሉ አውካካ። ይታይሽ ደብተሯን ጠቅልላ ወጣች። በማግስቱም አልመጣችም፤ በሳምንቱም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ አየነው ወደ ሸክላ ተራ ወረደ። ስሜነሽ እንስራና ድስቷን ደርድራ ተቀምጣለች። ይታይሽ ከጀርባዋ ለሸክላው ጭድ ታነጥፋለች፤ ቀና ብላም አላየችው።

«እመት ስሜነሽ፣ ልጅዎን ይመልሱልኝ። ክፉ አስቤ አልጻፍኩም።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» እንስራውን በጣቷ ኳ አድርጋ ድምፁን ሰማች። «ጅቡን አባረረች አሉኝ። ከዚያስ? ማን ቤቱ አስገባት? ማንስ አብሯት በላ?»

አየነው አሰበ። በአሥራ ሁለቱ ገጽ አንድም ሰው አብሯት አልበላም።

«አልጻፍኩትም» አለ።

«እርስዎስ ከኛ እጅ ቀምሰው ያውቃሉ?»

ከጎኗ ያለችው ሻጭ በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ስሜነሽ ከቅርጫቷ ቅቅል ድንችና በርበሬ አውጥታ ቅጠል ላይ አኖረችለት። ገበያው ያያል። አከራዩ ወይዘሮ ውብአየሁም ከጨው ተራ ቆማ ታያለች። የአየነው እጅ ትንሽ ዘገየ። እሱም አወቀው፤ ሴቶቹም አወቁበት። ከዚያ ጭዱ ላይ ተቀመጠና በላ።

ይታይሽ ያኔ አፏን ከፈተች።

«መምህር፣ የመጽሐፉ ልጅ ስሟ ማነው?»

«ስም አላወጣሁላትም።»

«ለውሻው አውጥተውለታል።»

አየነው ወደሷ ዞረ። «እሺ አንቺ አውጪላት፤ እጽፈዋለሁ።»

«እርስዎ አይደሉ የጻፉት?» ብላ ወደ ጭዷ ተመለሰች።

ሊሄድ ሲነሳ ስሜነሽ፣ «እኔ እነግራታለሁ፤ እግሯ ግን የሷ ነው» አለችው።

ሰኞ አየነው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ሦስት ልጆች ብቻ አስቀመጠ። አንዱ አድማሴ ነበር። «አራተኛዋ ስትመጣ ትጠጋላታለህ» አለው። ወይዘሮ ውብአየሁ ከዚያ ወዲህ ምሳውን በተሰነጠቀ ወጭት፣ ለብቻው ታቀርብለት ጀመር፤ እሱም በዚያው በላ። በሩን ከፍቶ ያስተምራል። ከውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። ይታይሽ አልመጣችም።

በዓመቱ ወደ ጫግኒ አዛወሩት። ዓመታት አለፉ። እዚያም በገበያ ቀን መጀመሪያ የሚሄደው ሸክላ ተራ ነው። ሴቶቹ፣ «ምን እንስጥዎ መምህር?» ይሉታል፤ የሚገዛው የለውም። ይታይሽ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ይሆናል፤ አጠገቡ ብትቀመጥ እንኳ ላያውቃት ይችላል። እሱ ግን የእያንዳንዷን ፊት ሳያይ አያልፍም።