ጠማማው መቀስ

ፍንጭቱ ታላቅ ወንድሙ ፊት ፀጉሩን ለመቆረጥ ከተቀመጠ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ስሙ የወጣለት ከፊት ጥርሶቹ ክፍተት ነው፤ በዚያ ክፍተት ስንቱን ቀልድ በራፕ አንቆርቁሯል። ሲጀምር የሚያስቅ ነገር የሚለቅመው ከቤቱ ነበር፦ የእናቱን ማንኮራፋት፣ የአክስቱን ሽቶ። ማንም አልተቀየመውም። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ወንድሙ ላይ ደረሰ።

«ወንድሜ ሲቆርጠኝ ግራ ጎኔ ዘመመ፣
መስታወቱ እንኳ አይቶኝ ታመመ።»

አገር ምድሩ ሳቀ። ልጆች አንገታቸውን በግራ አዘንብለው ጨፈሩ። ፍንጭቱ ከመድረክ መድረክ ሲዘል፣ የወንድሙ ፀጉር ቤት ደጃፍ በሰው መጨናነቁን ሰማና «ይኸው ደንበኛ አመጣሁለት» ብሎ ኮራ። ሰዉ ግን የሚመጣው ፎቶ ሊነሳ ነው እንጂ ሊቆረጥ አይደለም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ዓመት ሳይሞላው ቤቱ ተዘጋ። እናታቸው ደውላ ብትነግረው «ያልፋል እማዬ» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚጨበጨብለት ሰው ከጭብጨባው ሌላ ምን ይሰማል?

ከሁሉ የሚቆጨው ደግሞ ፀጉሩ ወንድሙ በቆረጠው ቀን ቅንጣት ታህል አለመጣመሙ ነው። «ዘመመ» ቤት ስለመታለት ብቻ አጣመመው።

ጭብጨባው አለፈ። ወንድሙ ዛሬ በሰው ፀጉር ቤት፣ መታጠቢያው አጠገብ ባለው የመጨረሻ ወንበር ይሠራል። ፍንጭቱ ሲገባ አየው፤ ጨርቁን አራገፈና «ቁጭ በል» አለው።

«ራስህ መመለጥ ጀምሯል» አለ ወንድሙ እየቆረጠው።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ፤ እኔን ሁለቱም አግኝተውኛል።» ወንድሙ በአፍንጫው ሳቀ። ፍንጭቱ ግን መሳቅ አቃተው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ቀጥ አድርገህ ነበር የቆረጥከኝ። ያጣመምኩት እኔ ነኝ።»

መቀሱ ቆመ።

«አውቃለሁ። የቆረጥኩህ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ካልኩህ ቆየሁ። ወንድሜ አይደለህ?» መቀሱ ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርስ እንደ ድሮው መስታወት እንኳ ሳያሳየው ትከሻውን መታ አደረገው። «ተነሳ፣ አምሮብሃል። ተራ የሚጠብቁትን እኚህን አባት ልጨርስና ምሳ አብረን እንበላለን።»

ፍንጭቱ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መስሎት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ሽማግሌውን ቆርጦ ሲጨርስ መስታወቱን ከኋላቸው ያዘ።

«ቀጥ ብሏል አባባ?»

«ብሏል ልጄ።»

«በግራ በኩልስ?»

«ብሏል አልኩህ እኮ።»

ወንድሙ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ግራ ጎን ራሱ አየ። ከዚያም መስታወቱን ሳያወርድ እንደገና ጠየቃቸው።