ቀለብ አልሰፍርም

ወንድይራድ እንግሊዝኛ አያጣም። ስንት ዓመት የለንደን አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር የተጨቃጨቀው በምን ሆነና! ለፍቺው ክርክር ግን አስተርጓሚ ይምጣልኝ አለ። ኤልፍነሽ ይህን ስትሰማ አልገረማትም። ባሏ ለሥራ እንግሊዝኛ፣ ለንዴት አማርኛ እንደሚቀናው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አስተርጓሚው አቶ መንግስተኣብ የሚባሉ፣ አስመራ በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው የዛሬዎቹን ያስንቃል፤ ትንሽ የሕግ መጽሐፍ የሕግ መጽሐፍ ይላል እንጂ።

የቀረው ጭቅጭቅ አርችዌይ ሰፈር ያለው ቤታቸው ነበር። የኤልፍነሽ ጠበቃ ያቀረበችው ነገር አጭር ነው፤ አባትየው ለልጁ የማይከፍል ከሆነ ቤቱ እንዳለ ለእናትየው ይሰጥ። ከከፈለ ግን ቤቱ ተሸጦ ለሁለት መካፈላቸው አይቀርም። ኤልፍነሽ ቤቱን አጥብቃ ትፈልገዋለች። የልጃቸው የሃይሚ ትምህርት ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ጓደኞቿም እዚያው ሕንጻ ላይ ናቸው። በግማሽ ገንዘብ በዚያ ሰፈር ቤት ቀርቶ ቁም ሣጥን የሚያህል ክፍል አይገኝም።

ዳኛዋ ወደ ወንድይራድ ዞረው ጠየቁ። አቶ መንግስተኣብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለልጅዎ በየወሩ ቀለብ ይሰፍራሉ ወይ? ነው የሚሉት።»

ወንድይራድ ብድግ አለ። ቀለብ የሚሰፈረው ለወታደርና ለወህኒ ቤት ሰው መሆኑን ነው የሚያውቀው።

«ቀለብ አልሰፍርም! እስረኛ ናት እንዴ? ልጄን አሳድጋታለሁ እንጂ…»

ዳኛዋ ጩኸቱን አልወደዱትም፤ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ተተርጉማ ያለፈችው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ ለልጁ ምንም አልከፍልም ብሏል ተባለ። ዳኛዋ መጻፍ ጀመሩ። ወንድይራድ ጠበቃ አልያዘም፤ ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ ያንገበግበዋል። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ንዴቱ ጆሮውን ደፍኖታል። የኤልፍነሽ ጠበቃ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። አለቀ ማለቷ ነው።

ኤልፍነሽ ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማና ካፖርት ተሸክሞ እየመጣ፣ የወሩ ወጪ ሲነሣ ኮርኒስ ኮርኒሱን የሚያይ ሰው ነው። በንዴቱ ስንቱን ነገር አበላሽቷል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ለእሷ ቢጠቅማት ምን አለበት? ይበለው።

ከዚያ የዳኛዋን እስክሪብቶ አየች። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሃይሚ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። እንግሊዝኛ ከሆነ ግን የጥርስ ሳሙናው ላይ ያለውን ሳይቀር አንብባ የምትጨርስ ልጅ ናት። አድጋ አንድ ቀን ይህን ወረቀት ታገኘዋለች። አባቷ ለእሷ ምንም አልሰጥም ማለቱን ታነባለች፣ ሰውየው ያላለውን።

ኤልፍነሽ እጇን አውጥታ ተነሣች።

«ይቅርታ፣ እንደዚያ አላለም» አለች በእንግሊዝኛ። ጠበቃዋ እጅጌዋን ብትጎትታትም አልተቀመጠችም። «አሳድጋታለሁ ነው ያለው። የጠላው ‹ቀለብ› የሚለውን ቃል ነው።»

ዳኛዋ አቶ መንግስተኣብን አዩዋቸው።

«እውነቷን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቀሪው ሳይተረጎም ቀርቷል።»

ጥያቄው እንደገና ቀረበ፤ አሁን «ለማሳደጊያዋ» ተባለ። ወንድይራድ እከፍላለሁ አለ፤ መጠኑንም ሳይከራከር ተቀበለ። ቤቱ ተሸጦ እንዲካፈሉ ተወሰነ። ጠበቃዋ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ ኤልፍነሽን ቀና ብላ አላየቻትም።

ደጅ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ወንድይራድ ሮጦ ደረሰባት።

«ኤልፊ፣ ቤቱን እኮ ልትወስጂው ነበር። ለምን ተናገርሽ?»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አለችውና አውቶቡስ ውስጥ ገባች።

ሃይሚ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«ማሚ፣ ፍላታችንን ኪፕ እናደርጋለን?»

«አይ፣ ይሸጣል።»

ልጅቱ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። «ዳዲ ምን አለ?» አለች።

ነገሩ ከተጀመረ ወዲህ ኤልፍነሽ ይህን ስትጠየቅ መልሷ ላይ ትንሽ በርበሬ ሳትነሰንስበት ቀርታ አታውቅም። ዛሬ ግን የምትነግራት ቃል ቤት የተከፈለበት ነው፤ ምንም አልጨመረችበትም።

«አሳድጋታለሁ አለ።»