ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ

ሚስቱ ጤነኛ ሳለች ልብስ ሰፊው መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር። ምን ቆርጦት! እሷ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን መንገድ በሌለበት ስታመላልስ የኖረች ሹፌር ናት፤ ጡረታ ስትወጣም ስትነዳት የነበረችውን አሮጌ የመስክ መኪና ከመሥሪያ ቤቷ ጨረታ ገዝታ ግቢ አስገባቻት። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ መስኮት ከመክፈትና ከመዝጋት ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። በስተርጅና መንዳት ተምሮ፣ እሷን ከጎኑ አጋድሞ፣ በየሳምንቱ ከተማ ሐኪም ቤት ድረስ ይወስዳታል።

ባለፈው ሲመለሱ ጎርፍ ያወረደውን ድንጋይ አላየውም። መኪናዋ ዘላ ስትወርድ የጮኸው እሱ ነው፤ ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ትላለች። መሪውን ታግሎ በመለሳት ቁጥር ሚስቱ ትነቃነቃለች፣ በተነቃነቀች ቁጥር ሕመሙ ይነሳባታል። የሰፈሩን መካኒክ ቢጠይቀው፣ «ጎማ የሚያቃናው የአላይመንት ማሽን ያለው ከተማ ነው፤ እኔ ልሞክራት ካልክ ሳምንት ተውልኝ» አለው። ቀጠሮዋ ደግሞ ነገ ነው።

«የምን ማሽን!» አለች ሹፌሯ። «እኛ በረሃ ላይ በክርና በሜትር ነበር የምናስተካክለው። አውጣኝና ግቢ አስቀምጠኝ።»

ልታስታምማት የመጣችው ታናሽ እህቷ ከማጀት ብቅ አለች። «እትዬ፣ በዚህ ብርድ? አብደሻል እንዴ?»

«አልጋ ላይ ስሆን የሚሻለኝ መስሎሻል?»

እህትየው ብርድ ልብስ ልታመጣ ገባች።

ሰፊው ፍራሽ አውጥቶ፣ በትራስ ደግፎ፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት አስቀመጣት። እሷ ታዛለች፣ እሱ ይሠራል። የፊት ጎማዎቹን ተራ በተራ በክሪክ አነሳና እያሽከረከረ በልብስ ጠመኔው መሃላቸው ላይ ነጭ መስመር አዞረባቸው። መልሶ አወረዳቸው፤ እንዲደላደሉም ከእህትየው ጋር መኪናዋን ወደ ፊት ገፋ አደረጓት። ከዚያ ከአንገቱ የማይጠፋውን የጨርቅ ሜትር አወለቀ። አንዱን ጫፍ እህትየው ያዘችለት።

«ወጥሩት እንጂ!» አለች ሹፌሯ። «የሱሪ ወገብ መሰላችሁ? ይሄ ለቦርጭ ተብሎ ትርፍ አይተውለትም።»

«እንዲህ የሚቆጣ ደንበኛ ገጥሞኝም አያውቅ» አለ ሰፊው።

ሳቅ ጀምራ አቋረጠችው። መሳቅም ያማታል።

በሁለቱ ነጭ መስመሮች መሃል ያለው ስፋት ከጎማዎቹ ፊት በኩል ሲለካ፣ ከጎማዎቹ ኋላ በኩል ካለው በአንድ ጣት ያህል በለጠ። ሹፌሯ ነገሩ ወዲያው ገባት። ድንጋዩ ሁለቱን ጎማዎች ከኋላ በኩል የሚያያይዘውን ዘንግ ጎበጥ አድርጎ አሳጥሮታል። «ማስረዘም ነው» አለች። «ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ፤ የክር ውፍረት ያህል ብቻ። ዘንጉን ግራና ቀኝ ጨብጠው የያዙትን ማቀፊያዎች አላላና ዘንጉን በቧንቧ መፍቻ አዙረው።»

በጀርባው ተንፏቆ መኪናዋ ሥር ገባ። የማቀፊያዎቹን ብሎኖች ዝገት በልቷቸዋል። በመዶሻ ቢደበድብ፣ ዘይት ቢያፈስ፣ አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ሲላሉም መፍቻው አመለጠውና የጣቶቹ አንጓ ተላጠ። ደሙን በሱሪው ጠርጎ ዘንጉን አዞረና ወጥቶ ለካ። ብሶበታል።

ተመልሶ ገባና ከሥር ሆኖ፣ «ወዴት ነው የማዞረው? ወደ በሩ ነው ወደ ግድግዳው?» አለ።

መፍቻውን ይዞ ጠበቀ።

«አንቺ?»

ተንፏቆ ሲወጣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል። ክው አለ። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪያይ ድረስ እሱም አልተነፈሰም። ጠዋት የዋጠችው ማስታገሻ ነበር የጣላት።

«ቀስቅሺያት» አለ።

«ተው ጋሼ፣ አሁን ገና እኮ ነው ዓይኗን የከደነችው።» ከዚያ እህትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሞ ሁልጊዜ እሷን ልትጠይቅ ነው?» አለችው።

ክፉ አስባ አልነበረም። ሰፊው ግን መኪናዋ ሥር ገባና እዚያው ተንጋሎ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከውጭ የሚታየው እግሩም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህትየው ፊቷን አዞረች። ቆይቶ የመፍቻው ድምፅ ተሰማ። ቅድም ካዞረበት በተቃራኒ አዞረ፣ ወጥቶ ለካ፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና ለካ። የክር ውፍረት ምን ያህል እንደሆነ እንኳ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲስተካከልለት ብሎኖቹን ክንዱ እስኪዝል ድረስ አጠበቃቸው።

ሹፌሯ ስትነቃ ጥላው ግቢውን ሞልቶታል።

«ማቀፊያዎቹን አጠበቅክ?»

«አጠበቅኩ።»

«ድገማቸው።»

ደገማቸው።

በማግስቱ መኪናዋ መንገዷን ያዘች፤ መወላገዱ ቀረላት። ሹፌሯ እስከ ከተማ ድረስ ከንፈሯን ሳትነክስ ደረሰች፤ በመሃልም ትንሽ አንቀላፋች። እሱ ደስ ብሎት ነበር ሐኪም ቤት የገባው።

እሷን ከመረመሯት በኋላ ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ ነጥሎ አነጋገረው። «አባቴ፣ ከእንግዲህ ማመላለሱ እሳቸውን ማድከም ነው የሚሆነው። ማስታገሻ በርከት አድርገን እንሰጥዎታለን። ቤታቸው ይረፉ።»

«እሺ ዶክተር» አለ ሰፊው። «ቀጠሮስ ለመቼ ነው?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «ቀጠሮ አያስፈልግም፣ አባቴ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ከከተማው እንደወጡ ሹፌሯ ጠየቀችው።

«ለመቼ ቀጠሩን?»

«አልቀጠሩንም።»

ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርሱ፣ «እስኪ መሪውን ልቀቀው» አለችው።

ለቀቀው። መኪናዋ ለጥቂት ቀጥ ብላ ሄደችና ቀስ በቀስ መንገዱን እየለቀቀች መጣች።

«ወደ ግራ ትስባለች» አለች።

«ነገ እናስተካክላታለን።»

«ታስተካክላታለህ» አለችው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «በል ያዘው አሁን።»

በማግስቱ መኪናዋ ሥር አልገባም፤ ከዚያ በኋላም። ሕመሙ ፋታ አልሰጣቸውም። ከእህትየው ጋር እየተፈራረቁ ሲያገላብጧት፣ ውሃ በማንኪያ ሲሰጧት ከረሙ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

የቀብሯ ዕለት ዘመዶቿ «ሌላ ሰው ይንዳ» ቢሉት እምቢ አለ። ሬሳ ሣጥኗን ከኋላ ጭኖ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ገትሮ እንደያዘ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነዳ። ከሣጥኑ አጠገብ የተቀመጠችው እህቷ፣ መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትወጣ፣ «ቀስ በል ጋሼ፣ ያማታል!» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ያለችው ነገር ገባትና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እሺ» አለ ሰፊው። ማርሽ ቀነሰ።