ባሻ አይዘልም

ውሻ ውሰዱልኝ ብላችሁ ዲላን ከላይ እስከ ታች ብትዞሩ የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይጮኻል?» ስሙ ማን ነው የለ፣ ምን ይበላል የለ። ይጮኻል ወይ ብቻ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ሳላሽ «እንዴት አድርጎ! ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው» እላለሁ። ባሻ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያየኛል። ከጮኸ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ባሻ የኛ ውሻ ነው። ሽማግሌ ነው። ጆሮው አይሰማም፣ ጥርሱ ሦስት አራት ቢቀረው ነው፣ የኋላ እግሩ ደግሞ ከሰው የተዋሰው ይመስል ሲፈልግ ይታዘዛል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። እግሩ የተሰበረው እኛ ጋ ሳይመጣ ነው። እማዬ ጪጩ ገበያ አቮካዶ ሸጣ ስትመለስ፣ መኪና ገጭቶት ቦይ ውስጥ ተጋድሞ አገኘችው። ሰው ሁሉ «ተይው፣ ያለቀለት ነው» አላት። እሷ ባዶ ጆንያዋን አነጠፈች፣ ጋሪ ላይ ጫነችው፣ አመጣችው። አባዬ የሞተበት ዓመት ነበር። ጎረቤት «ልጇን የምታበላው አጥታ ውሻ ጨመረች» ብሎ ሳቀባት። እግሩ ከዳነ በኋላ ግን፣ እማዬ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ ስትወጣ ባሻ እያነከሰ ከፊት ከፊቷ ይሄድ ነበር። እስኪደክም ድረስ አንድም ቀን ብቻዋን አልሄደችም። የሳቀ ይሳቅ፤ ባሻ ባለውለታችን ነው።

ችግሩ የመጣው የተከራየንበት ቤት ተሸጦ ሌላ ግቢ ስንገባ ነው። አዲሷ አከራያችን እትዬ ዘይቱና ባለሱቅ ናቸው፤ ደግ ናቸው፤ ግን ውሻ ግቢያቸው አይገባም።

«አመለወርቅ፣ እንስሳ ጠልቼ እንዳይመስልሽ» አሏት እማዬን። «የምንሰግድበት ቤት ነው። በምራቁ በነካኝ ቁጥር ስታጠብ ልዋል? በሩ ላይ ይሁን። ምግቡ በኔ ነው።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ከሱቁ የተረፈ ሳንቡሳ በሻይ አርሰው በጣሳ ያወጡለት ነበር። ባሻ በዕድሜው እንዲህ ያለ ቁርስ አይቶ አያውቅም።

በር ላይ ማለት ግን መንገድ ላይ ማለት ነው። ባጃጅ ሲመጣ አይሰማ። እኛ ራሳችን የምንጠራው መሬቱን በእግራችን ሁለቴ ደቅ ደቅ አድርገን ነው፤ በመዳፉ ይሰማዋል መሰለኝ፣ ቀና ይላል። ባጃጅ ግን ደቅ ደቅ አይልም። ቤት ካልተገኘለት አንድ ቀን ከአስፋልቱ ላይ እንደምናነሳው እኔም እማዬም እናውቅ ነበር። አናወራውም እንጂ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ይርጉ ጋራዥ ነው።

«ይጮኻል?»

«ሌባ ሲያይ? ነብር ነው!»

ጋሽ ይርጉ ተጠራጣሪ ናቸው። ባሻን ጋራዡ ውስጥ አስተኙት፣ በጓሮ ዞሩ፣ በዚያ ሆዳቸው አጥር ዘለው ገቡ፣ ፊታቸውን በጃኬት ሸፍነው አንድ ጎማ ተሸከሙ። ባሻ ነቃ። ተነሳ። ጭራውን እየቆላ እስከ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

«ይሄ ነው ነብሩ?» አሉኝ ጎማውን ጥለው። «ይሄማ ለሌባው ባትሪ ይይዝለታል!»

«አውቆዎት እኮ ነው ጋሼ፤ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ጉድዎን ያዩ ነበር» ብዬ፣ ሠራተኞቹ እየሳቁብኝ፣ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ሥጋ ቤት ያለው ተሻለ ደግሞ የባሻን አፍ ከፍቶ አየና «እህቴ፣ ይሄን ሾርባ ቤት ውሰጂው» አለኝ።

በነጋታው ጠዋት ባሻ ሳንቡሳውን ጨርሶ መንገዱን ሊሻገር ተነሳ። ባጃጅ ከታች እየከነፈ መጣ። እኔ ከግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ መሬቱን ደቅ ደቅ ባደርግ አይደርስ፣ ብጮህ አይሰማ። እትዬ ዘይቱና ከሱቃቸው በባዶ እግራቸው ዘለው ወጡ፣ ባሻን በማጅራቱ ጨብጠው ወደ ኋላ ጎተቱት። ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ባሻ ምን እንደተፈጠረ አላወቀም። አመስግኖ እጃቸውን ከጣት እስከ ክንድ ላሳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እጃቸውን ከቀሚሳቸው አርቀው እንደያዙ «ዘከርያ!» ብለው ልጃቸውን ጠሩት። «ነገ ኢዲዶ ቡና ልትጭን ትሄድ የለ? ያቺ ‹ውሻዬ ሄደ› ያለችህ ሴትዮ ማን ነበረች?»

«ፍቅርአዲስ። ሄደ ሳይሆን አባረርኩት ነው ያለችኝ።»

«ቢሆንስ። እነዚህን ይዘሃቸው ሂድ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ እዚያ ስትደርሺ አፍሽን ቆጥቢ» አሉኝና ሊታጠቡ ገቡ።

እማዬ አልሄድም አለች። «ሥራ አለብኝ» አለች፤ ሥራ አልነበራትም። ለሴትዮዋ አንድ ፌስታል አቮካዶ ሰጠችኝ፣ ባሻን ጆሮው ላይ ሳመችው፣ ዞር ብላ ድስት ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ድስት።

ዘከርያ አይሱዙው ውስጥ ከእግሬ ሥር ላስቲክ አንጥፎ ባሻን አስቀመጠው።

«ከኋላ አይሻለውም?» አልኩት።

«ከኋላ ጆንያ አለ። ቡና የነካውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ታጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«ካንተ ካልሲ ይሻላል።»

«አፍሽን ቆጥቢ ተብለሻል፣ ትንቢት።»

ይርጋጨፌን አልፈን ኢዲዶ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። እማማ ፍቅርአዲስ የወንድ ኮት የለበሱ ረጅም ሴት ናቸው። ቤታቸው ፊት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በእንጨት እግር የቆሙ፣ ወንፊት የተወጠረባቸው። እማማ በአንድ እጃቸው ቡናውን ያገላብጣሉ፣ በሌላው ዶሮ ያባርራሉ። ዶሮዎቹ ከዚህ ሲባረሩ በዚያ አልጋው ላይ ይወጣሉ፣ ቡናውን ጭረው መሬት ያፈሱታል።

«ይቺ ውሻ ናት?» አሉ። አማርኛቸው ጌዴኦኛ ጌዴኦኛ ይላል፤ ባሻን እስከ መጨረሻው እንደ ሴት ነበር የሚጠሩት።

«እሱ ነው እማማ። ይጮኻል፣ ደግሞ አጯጯሁ...»

«መጮህ አልጠየቅኩም። ትዘላለች?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። መልስ ግን ጠፍቶኝ አያውቅም።

«ይዘላል! አጥር እንደ ፍየል ነው የሚዘለው። ይሄን አልጋ እንኳን ሳይነካው ይሻገረዋል!»

ዘከርያ ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንግዲያ ውሰጃት» አሉ እማማ። ወደ ቡናቸው ዞሩ።

«ለምን?»

«ያችኛዋ ጎረምሳ ነበረች። ዘላ አልጋ ላይ ወጣች፣ ቡናዬ ላይ ተኛች፣ ሌሊቱን በሙሉ። ጠዋት ቡናው ውሻ ውሻ ሸተተ። ገዢ መጣ፣ አሸተተ፣ ጥሎ ሄደ። የዓመት ድካሜ ነበር። የምትዘል ውሻ ሁለተኛ አላስገባም።»

ያ ባጃጅ ዓይኔ ላይ መጣ። ቀጥሎ የሚመጣውም ባጃጅ።

«እማማ፣ አይዘልም! ዋሽቼ ነው!»

«አሁን ነው የዋሸሽው ቅድም?»

«ቅድም! አይዘልም፣ አይጮኽም፣ አይሰማም፣ ጥርስም የለውም! ምንም አይችልም!»

«ዘከርያ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነች?»

«እኔ የለሁበትም» አለ ዘከርያ። «እናቴ አስጠንቅቃታለች።»

ማልቀስ አልወድም። ግን እንባዬ ሳላዘው መጣ። እኔ አፍንጫዬን ስጠርግ ባሻ ሙቀቱ መረረው መሰለኝ፣ ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ወደ ቤቱ በረንዳ አዘገመ። በረንዳው አንዲት ደረጃ አላት። የፊት እግሮቹን ሰቀለ። የኋላዎቹ አሻፈረኝ አሉ። እንደዚያ ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ሆኖ ቆመ፤ የሚደግፈው ሰው የሚፈልግ ይመስል ግራና ቀኝ አየ። ሲያቅተው ወረደና ዞሮ አልጋው ሥር ጥላው ውስጥ ገባ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበተኑ። ባሻ አልሰማቸውም። ተጋደመ፣ ተነፈሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

እማማ እጃቸውን ቡናው ላይ እንዳደረጉ ቆመው አዩ። አንዲት ቀይ ዶሮ ተመለሰች። ባሻን አየች፣ አንገቷን አሰገገች፣ አሰበች፣ ሄደች።

«አትሰማም አልሽ?»

«አዎ።»

«ዶሮዎቹ ያውቃሉ?»

«ኧረ አያውቁም።»

«እንግዲያ አንነግራቸውም» አሉ እማማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ብለው።

መደሰት ሲገባኝ አፌ መች ያርፋል። «ቡናው ሲያልቅስ? ክረምት ሲገባ ያባርሩታል?»

ከቡናው ወደኔ ዞር አሉ። «ክረምት የኔም ጉልበት አይዘረጋም። እሳት አለ፣ ቡላ አለ፤ ቡላ ጥርስ አይፈልግም። አብረን እንቀመጣለን።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ቡና ቡና ይሸታል። አቮካዶውን ሰጠኋቸው፣ አጠራሩንም አሳየኋቸው፤ መሬቱን ሁለቴ ደቅ ደቅ። ባሻ ቀና አለ። እማማም በቦቲያቸው ሁለቴ መቱ። ባሻ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ተነስቶ ወደሳቸው ሄደ። ትንሽ ቀናሁ። ትንሽ ብቻ።

ዘከርያ ጭኖ ሲጨርስ ባሻ እንደገና አልጋው ሥር ተኝቶ ነበር። ደህና ሁን ብለው አይሰማኝም። ደቅ ደቅ ባደርግ ደግሞ ተነስቶ ይከተለኛል። ጫማዬን አወለቅኩና፣ መሬቱ እንዳይነግርብኝ፣ በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ወጣሁ።

እሁድ ቸርች የምስጋና ሰዓት ደረሰ። ሰው ለፈተና፣ ለፈውስ፣ ለልጅ እያመሰገነ ይቀመጣል። እማዬ ተነሳች። ተነስታ አታውቅም።

«ውሻችን ቤት ስላገኘ» አለች። ወጣቶቹ ፊክ ፊክ አሉ፤ እኔ አግዳሚው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። «ባሻ ይባላል። የልጄ አባት ከሞተ በኋላ፣ እሱ እስኪደክም ድረስ በጨለማ መንገድ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም፤ ጌታ እሱን ሰጥቶኝ ነበር። አሁን ደግሞ ለሱ ሰው ሰጠው። ኢዲዶ ላለችው እህቴ፣ ለእትዬ ዘይቱናና ለዘከርያ ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ፊክ ፊክታው ቆመ። «አሜን» ተባለ። ከሁሉ ጮክ ያለው የኔ ነበር።

ስንመለስ እትዬ ዘይቱና ሱቅ በር ላይ ቆመዋል። «ስሜን ቸርች ጠራችሁት አሉ?»

«አዎ፤ አሜን ተብሏል።»

«ዱዓ አይጠላም» አሉና በፌስታል የቋጠሩትን ሳንቡሳ ለዘከርያ ሰጡት። አሁንም ኢዲዶ በሄደ ቁጥር ይልካሉ። በሻይ ይራስ ብለው ያስጠነቅቁታል፤ እሱም እያጉረመረመ ያደርሳል፣ መልእክትም ይዞ ይመለሳል። ያለፈው ሳምንት የእማማ ፍቅርአዲስ መልእክት ይሄ ነበር፤ «ውሻዋ ደህና ናት። ዶሮዎቹ እስካሁን አላወቁም።»