ገባ የተባለው ሞዞ

መካኒኩ ማህዲ «ገባ!» ያለው ለራሱ ነበር። ጋሽ ባምላኩ ግን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠው ሰሙት።

የሽማግሌው አሮጌ ኮሮላ የፊት ጎማዋ ሲንቋቋ ሰንብቶ ቡሬ መግቢያ ላይ ቆማለች። ማህዲ ሲፈታት፣ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ተሰንጥቋል። የኮሮላ ሞዞ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ጠፋ። የተገኘው ከተጋጨች ቪትዝ የተፈታ ነው። የብሎኑ ብዛት ያው፣ ርቀቱም ያው። ወደሚሰካበት ኩሽኔታ ሲያስጠጋው ሰተት አለ፤ ቃሏ ያመለጠችው ያኔ ነው።

ጋሽ ባምላኩ ወዲያው ስልክ አነሱ። በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ዘሩ ያገባል።

«ዘሩ! መኪናዋ ተሠርታ አለቀች። ሙሽራዋን ከፍኖተ ሰላም የማመጣት እኔው ነኝ። ሌላ መኪና እንዳትለምን፤ እኔ እንደማመጣት አባቷም ሰምቷል።»

ማህዲ ጎማውን አስሮ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ተነቃነቀ። የመሃሉን ማሰሪያ ዳዶ አጠበቀ። አሁንም ተነቃነቀ። ሽማግሌን ቃል ማሳጠፍ ከበደው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ደጅ ሳይጠና፣ ሰተት ብሎ ቤትዎ ለገባ ሰው ልጅዎን ይድራሉ?»

«ውሻ ነው የምለቅበት! ምን አመጣው ይኼን?»

«ሞዞም ደጅ ይጠናል። በመዶሻ ስንት ተለምኖ ነው የሚገባ። ይኼ በእጄ ገባ።»

ሽማግሌው ሳቁና፣ «አንተ የመሐመድአወል ልጅ፣ ቅኔ ቤት የገባኸው መቼ ነው?» አሉ። ሳቁ አልቆየም። «ገባ ብለሃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ብያለሁ። ተስማማ ግን አላልኩም።»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

«እርስዎ ቀስ ቢሉ ጎማው ቀስ አይልም፤ ሙሽራ እንደያዙ ይወልቃል።»

«ቁልፌን አምጣ!»

ማህዲ ቁልፉን አልሰጠም። ጎማውን መፍታት ጀመረ። ጋሽ ባምላኩ ቆመው አዩት፤ አንዱ ብሎን ወጣ፣ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ደወሉ።

«ዘሩ... ሌላ መኪና ለምነህ አምጣ።»

ከወዲያ የመጣው ጩኸት ማህዲ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌው እስኪያልቅ አደመጡ፤ በማንም አላሳበቡም። ስልኩን ኪሳቸው ከትተው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት፣ የሚኒባስ መጠበቂያው ጋ ሄደው ከተሳፋሪው ጋር ቆሙ።